በየዕለቱ የምንጽፈው ቃል ወዴት ይደርሳል?

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ኦቦ፣ ሞያሌ፣ ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)






የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ አጭር ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ስለ ማኅበሩ ታሪክ ይናገራል ብላችሁ የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። ያንን ከእኔ በተሻለ የሚያውቁት መሥራቾቻችን ናቸውና ለእነርሱ ትቼዋለሁ። እኔ የመረጥሁት ርእስ ሁላችንም በየኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ነገር ነው። ይኸውም በእጅ ስልካችን በየዕለቱ ስለምንጽፈው፣ ስለምናነበውና ለሌላው ስለምናስተላልፈው ጽሑፍ ነው።

ይህ ለኢዮቤልዩ በዓል የሚመጥን ርእስ ነው ወይ የሚል ቢኖር፣ ማኅበር ማለት የሚነጋገሩ ሰዎች ስብስብ ነው ብዬ እመልሳለሁ። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ዕቁቡም፣ እርዳታውም በቃል ይጀመራል። ያ ቃል ዱሮ በየደጁ እየዞረ ይነገር ነበር። ዛሬ ከኦቦ የተነሣ አንድ መልእክት አዲስ አበባ፣ ናይሮቢና ጆሃንስበርግ ለመድረስ ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ እንኳ አይፈጅበትም። ስለዚህ የቃላችን ነገር የማኅበራችን ነገር ነው። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመቶችና ወሮች በምንኖርበት አገር አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

የደብዳቤው ሥርዐት

ከመካከላችን ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰዎች ደብዳቤ እንዴት ይጻፍ እንደነበር ያስታውሳሉ። ከላይ ቀንና ቦታ ይቀመጣል። «ይድረስ ለውድ ወንድሜ» ተብሎ ይጀመራል። ጤና ይጠየቃል፣ የራስ ጤና ይነገራል፣ ዘመድ በየስሙ እየተጠራ ሰላም ይባላል። ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻም ስምና ፊርማ ይሰፍራል። መጻፍ የማይችል ሰው ለሚጽፍለት ተናግሮ ያጽፋል፤ ተጽፎ ሲያልቅ ይነበብለትና «አዎ፣ ያልሁት ይኸው ነው» ብሎ ይልከዋል። ጉዳዩ የፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ በደጃፉ ወደሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ይኬዳል። ደህና ራፖር ጸሐፊ ቃላት ከማሳመሩ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ነበሩት። መቼ ነው የሆነው? የት ነው? ማን አየ? ማስረጃ አለህ? እነዚህ ሳይመለሱ የተጻፈ ማመልከቻ ሩቅ እንደማይሄድ ያውቃል።

ከደብዳቤም የቆየ ሥርዐት በአገራችን አለ። በሰሜን ምሥራቅ የሚኖሩት የአፋር ወገኖቻችን «ዳጉ» የሚሉት የወሬ መለዋወጫ ደንብ አላቸው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ሰላምታ ተለዋውጠው ቁጭ ይሉና ያዩትንና የሰሙትን ተራ በተራ ይነጋገራሉ። ስለ ውኃው፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ጸጥታው ይጠያየቃሉ። ያየውን እንዳየ፣ የሰማውን እንደሰማ ለይቶ መናገር የተናጋሪው ግዴታ ነው፤ የሚዋሽ ሰው ይነወራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውኃ አለ ወደተባለበት ተሂዶ ውኃ ከሌለ ሰውም ከብትም ያልቃል። ከብት አርቢ በሆነው በዚህ በእኛም አካባቢ ዝናብ ጣለ ወይስ አልጣለም የሚለው ወሬ እንደ ቀልድ አይወራም።

እንግዲህ ጨዋ ወሬ የሚባለው ምን እንደሆነ አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ዛሬ ያን ዕውቀት ወደ ስልካችን አስገብተነዋል ወይ? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ፊደላችን ስልክ ውስጥ ሲገባ

የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ኮምፒዩተር የገባው በብዙ ድካም ነው። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞችን ሠርተዋል፤ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚሉትን ስሞች በጽሕፈት ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቃቸዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበርና በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በ3ኛው እትም ውስጥ ተካተተ። በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ «ንያላ» የተባለውን የፊደላችንን ቅርጽ ይዞ መጣ። ኋላም የእጅ ስልኮች ተከተሉ። ዛሬ በጎዳና ላይ በቆሎ ጠብሳ የምትሸጥ እናት በገዛ ፊደሏ መልእክት መላክ ትችላለች። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ወጣቶቻችን ዛሬም አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋሉ። ይፈጥናል ይላሉ። በላቲን ሲጻፍ ግን ብዙ ሰው «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጨ»ን ከ«ቸ» አይለይም። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ወታደሮቹ መጡ» እና «ወታደሮቹ መቱ» በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። በሰላም ጊዜ እናቱ ትስቅ ይሆናል። ጸጥታ በደፈረሰበት ሌሊት ግን አንዲት ፊደል ቤተሰብን ከአልጋው አስነሥታ ሜዳ ላይ ልታሳድር ትችላለች።

ጥራት ስንል ምን ማለታችን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ ጽሑፍ ጥራት ሲነሣ ብዙዎቻችን የፊደል ግድፈት ብቻ ይታየናል። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሁላችንም በየቀኑ የምናውቀውን ሌላ ዓይነት ጥራት ላሳያችሁ።

ሳፋሪኮም በ2007 ኤም-ፔሳን ከጀመረ ወዲህ በኬንያ ያለ ነጋዴ ሁሉ አንድ ልማድ ተምሯል። ገዢው «ልኬልሃለሁ» ስላለ ብቻ እቃውን አይለቅም። መልእክቱ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ሲደርስም ያነበዋል። በውስጡ የማረጋገጫ ቁጥር አለ፣ የገንዘቡ ልክ አለ፣ የላኪው ስም አለ፣ ቀኑና ሰዓቱ አለ። ጌጥ የለውም፣ ቃለ አጋኖ የለውም፣ ማንንም አያስለቅስም። ግን ሰው ሁሉ ያምነዋል። ሐሰተኛውን መልእክት ከእውነተኛው ለመለየትም ትምህርት ቤት ያልገቡ እናቶች እንኳ ዓይናቸው ሠልጥኗል።

አሁን ደግሞ በየስልካችን የሚዞረውን ሌላውን ዓይነት አስቡት። «አስቸኳይ! አሁን የደረሰን መረጃ! ተኩስ ተከፍቷል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ለወገን ሼር አድርጉ!» ይላል። ማን አየ? አልተጻፈም። የቱ መንገድ? አልተጻፈም። መቼ? «አሁን» ነው የሚለው። ያ «አሁን» በሦስተኛው ቀን ለሚያነበውም «አሁን» ይለዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሰው ቢያስተላልፈው ያኔም «አሁን» ይላል።

ወገኖቼ፣ ለሁለት መቶ ሽልንግ ማረጋገጫ የምንጠይቅ ሰዎች ለሰው ሕይወት ማረጋገጫ ሳንጠይቅ ስናስተላልፍ እንውላለን። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ለገንዘብ የምንጠይቀውን ያህል ለወሬም እንጠይቅ።

እኛ ሞያሌዎች የተሳሳተ መረጃ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ማርች 10 ቀን 2018 ከወሰኑ ማዶ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወታደሮች በከፈቱት ተኩስ 9 ሲቪሎች ተገደሉ። መንግሥት በሰጠው መግለጫ ድርጊቱ የተፈጸመው በተሳሳተ መረጃ ምክንያት ነው አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ልጆቻቸውን ይዘው ወሰኑን ተሻግረው ወደ ኬንያ ገቡ። ያ መረጃ ከኢንተርኔት የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። «የተሳሳተ መረጃ» የሚለው ሐረግ በእኛ ከተማ የመቃብር ቁጥር እንዳለው ለማስታወስ ብቻ ነው።

መርዶ በስልክ

እውነት የሆነ ወሬም ቢሆን ጊዜውንና አነጋገሩን ካልጠበቀ ይጎዳል። በባህላችን መርዶ ሥርዐት አለው። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ። ዘመድና ጎረቤት ይጠራል። ብዙውን ጊዜ በማለዳ ተሰብስበው ሄደው፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ቆሞ ይነግሩታል። ይህን ሥርዐት ያወጡ ሰዎች የሰውን ልብ የሚያውቁ ነበሩ።

ዛሬ ግን ናይሮቢ ውስጥ በማታቱ ተሳፍሮ ወደ ሥራ የሚሄድ ልጅ የአባቱን ፎቶግራፍ ሻማ በርቶበት፣ «ነፍስ ይማር» ተጽፎበት ስልኩ ላይ ያገኘዋል። የሚይዘው እጅ የለም። ቁጭ በል የሚለው የለም። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ መውረዱን እንኳ አያውቅም። ያን የጻፈው ሰው ክፉ አይደለም፤ አዝኖ ነው፣ ምናልባትም ሟቹን ከልቡ ይወድ ነበር። የጻፈው እውነት ነው፣ የፊደል ግድፈትም የለበትም። የጎደለው «ቤተሰቡ ሰምቷል ወይ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ከአገር ርቀን በምንኖር ሰዎች ላይ ይህ ጉዳት እጥፍ ድርብ ነው፤ ምክንያቱም ተነሥተን ሮጠን የምንደርስበት ደጅ የለንም።

ቃል ሲገድል

በየዕለቱ የሚጻፍ ቃል ተጽዕኖው እስከ ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ ክስ በዚሁ በምንኖርበት አገር ፍርድ ቤት ይገኛል። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ ትግራዋይ ናቸው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በኦክቶበር 2021፣ በፌስቡክ ላይ እርሳቸውን የሚወነጅሉ ጽሑፎች ወጡ። ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸውና የሥራ ቦታቸው ተገልጾ ነበር። ኖቬምበር 3 ቀን 2021 በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ደጋግሞ አመልክቼ ነበር ይላል። በዲሴምበር 2022 ከሌሎች አቤቱታ አቅራቢዎች ጋር ሆኖ በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ላይ ክስ መሠረተ። ኩባንያው በበኩሉ ጥላቻንና ሁከትን የሚያነሣሣ ጽሑፍ በደንቤ የተከለከለ ነው ይላል። በኤፕሪል 2025 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወስኗል።

ስለ ኩባንያው ኃላፊነት ፍርድ ቤቱ ይፍረድ። እኔ የማሳስበው ሌላ ነው። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ነው። አንብቦ ያስተላለፈውም ሰው ነው። ያስተላለፈ ሰው «እኔ ምን ጻፍሁ? የሌላውን ነው ያሳየሁ» ይል ይሆናል። ዱሮ ግን የሰው ስም የሚያጠፋ ደብዳቤ ተሸክሞ ከቤት ቤት የሚያደርስ መልእክተኛ «እኔ ተሸካሚ ነኝ» ቢል ማን ይቀበለው ነበር?

ሌላም ነገር አለ። ከ2019 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት፣ ናይሮቢ ውስጥ፣ ፌስቡክ ላይ የሚወጣውን እያነበቡ የሚያጣሩ ወጣቶች በአንድ የኮንትራት ድርጅት በኩል ይሠሩ ነበር። የእኛን አገር ቋንቋዎች የሚያነቡ ኢትዮጵያውያንም በመካከላቸው ነበሩ። በ2023 ብዙዎቹ ከሥራ ሲሰናበቱ ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ ካነሧቸው አቤቱታዎች አንዱ በየቀኑ ሲያነቡትና ሲያዩት የኖሩት ነገር አእምሯቸውን እንደጎዳው ነው። በዚያው ዓመት ሜይ 1 ቀን ይህን በመሰለ ሥራ የተሰማሩ ከ150 በላይ ሠራተኞች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጥተዋል። በንዴት ጽፈን የምንረሳውን ስድብ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ያነበበ ወንድም፣ ያነበበች እኅት ነበረች ማለት ነው። ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር አንባቢ የሌለው እንዳይመስለን።

ቃል ሲያድን

ይህን ሁሉ ስል ስልካችሁን ጣሉ ማለቴ እንዳይደለ ታውቃላችሁ። በጎ ሥራም በዚሁ መንገድ ተሠርቷል፤ ምሳሌውም ቅርብ ነው።

ኬንያ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በገጠማት ሁከት ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ጊዜ ጎሣን በጎሣ ላይ የሚያነሣሡ አጫጭር መልእክቶች በየስልኩ ይዞሩ ነበር። በዚያው ወቅት ግን፣ በጃንዋሪ 2008፣ ጥቂት ኬንያውያንና ወዳጆቻቸው «ኡሻሂዲ» የተባለውን አቋቋሙ። ትርጉሙ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ተራ ሰው ያየውን በአጭር መልእክት ወይም በኢንተርኔት ይልካል፤ የላከው ቦታው ታውቆ በካርታ ላይ ይሰፍራል። ስልኩም ያው፣ ሰዉም ያው ነበር። ልዩነቱ አንደኛው መልእክት «ምን አየህ? የት?» ተብሎ መጠየቁ ነው። ዳጉ በአዲስ ልብስ መጣ ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ዛሬ ኡሻሂዲ በልዩ ልዩ አገሮች ለምርጫና ለተፈጥሮ አደጋ ጊዜ ያገለግላል።

ከእኛም ወገን ምሳሌ አለ። በኖቬምበር 2013 ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማስወጣት ስትጀምር በወገኖቻችን ላይ የደረሰውን መጀመሪያ ያሰሙት ራሳቸው በስልካቸው ነው። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ያን ተቀብለው በብዙ ከተሞች በሳዑዲ ኤምባሲዎች ፊት ተሰለፉ፤ ዓለም እንዲያውቀው አደረጉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ያ ጩኸት ክብደት ያገኘው ቦታውን፣ ቀኑንና የተጎዳውን ሰው ይዞ ስለመጣ ነው።

የሥራ ማስታወቂያና የሞያሌ መንገድ

ወላጆች በተለይ እንድታዳምጡኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከተማችን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ወጣቶች ከሚያልፉባቸው በሮች አንዷ ናት። የመንገዱን መጨረሻ ሁላችንም ሰምተናል። በማርች 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ። በዲሴምበር 2022 በዛምቢያ ሉሳካ አጠገብ 27 አስከሬኖች ተጥለው ተገኙ። በሁለቱም ጊዜ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተገልጿል።

እነዚህን ልጆች ከቤታቸው ያስነሣቸው ምንድን ነው? ድህነቱ አለ፤ ሥራ ማጣቱ አለ። ነገር ግን የሰው መኪና ተደግፎ የተነሣው ፎቶግራፍና ከሥሩ የተጻፈው «እግዜር ይመስገን፣ ሁሉ ሞልቷል» የሚለው ቃልም አለ። በሱቁ ውስጥ ተዘርፎ ያደረው ወጣት ስለ ዝርፊያው አይጽፍም፤ እናቱ እንዳትጨነቅ ብሎ ነው። ዝምታው ደግነት ነው። ታናሽ ወንድሙ ግን ፎቶግራፉን ብቻ አይቶ ይነሣል።

አዲሱ መንገድ ደግሞ በእስያ በኩል ነው። በታይላንድ ጥሩ የኮምፒዩተር ሥራ አለ እየተባሉ የሄዱ ወጣቶች ማያንማር ውስጥ በታጠሩ የማጭበርበሪያ ግቢዎች ውስጥ ገብተው ተገኝተዋል። በ2025 መጀመሪያ ከእነዚያ ግቢዎች ከወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው። እዚያ በግድ ያሠሯቸው የነበረው ሥራ ምን መሰላችሁ? ጽሑፍ ነው። ቀንና ሌሊት ለማያውቁት ሰው በፍቅርና በወዳጅነት ስም መልእክት እየጻፉ ማታለል ነው። በሐሰተኛ ጽሑፍ ተይዘው ሄደው ሐሰተኛ ጽሑፍ እንዲጽፉ ተገደዱ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ልጆቻችንን መጠርጠር እናስተምራቸው። የአሠሪው ሙሉ ስም የሌለበት፣ የሚታወቅ አድራሻ የሌለበት፣ «ቦታው ሳይሞላ ፍጠኑ» የሚል፣ ለማንም አትናገር የሚል ማስታወቂያ የሥራ ማስታወቂያ አይደለም።

ሕግ ይበቃል ወይ?

ይህን መንግሥትና ኩባንያዎች ይቆጣጠሩት የሚል አስተያየት ይሰማል። ሕግ አለ። ኢትዮጵያ በ2020 የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 አውጥታለች። ኬንያም ከዚያ ከ2007ቱ ምርጫ ሁከት በኋላ፣ በ2008 ባወጣችው ሕግ፣ የብሔራዊ አንድነትና የመቀራረብ ጉዳይ የሚከታተል ኮሚሽን አቋቁማለች። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው።

ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ በኋላ ነው። ከጉዳቱ በፊት ሲደርስ ደግሞ ጥሩውንና መጥፎውን ሳይለይ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ ከ2005ቱ ምርጫ ውዝግብ በኋላ የአጭር መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ እስከ 2007 ድረስ አልተመለሰም። በ2020 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላም ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። የተዘጋው ለአጥፊው ብቻ አይደለም፤ የልጇን ደህንነት ለምትጠይቅ እናትም ነው። ራሱን የሚገዛ ጸሐፊ ሲበዛ የመዝጊያ ምክንያቱ ያንሳል። ስለዚህ ዋናው ልጓም በእጃችን ነው።

ለልጆቻችን ምን እንተውላቸዋለን?

ሌላ የማይታይ ተጽዕኖ ልጨምር። ጉግል የተባለው ኩባንያ የትርጉም አገልግሎቱን በፌብሩዋሪ 2016 ለአማርኛ፣ በሜይ 2022 ለኦሮምኛና ለትግርኛ ከፍቷል። እንዲህ ያሉት ማሽኖች ቋንቋ የሚማሩት በኢንተርኔት ላይ ተጽፎ ከሚያገኙት ነው። ስድብ በብዛት ከጻፍን ስድብ ይማራሉ። ዊኪፔዲያ በተባለው የጋራ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ አማርኛ ከ2004 ጀምሮ ቦታ አለው፤ የስዋሂሊው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። በአንድ ቀን በየስልኩ የምንጽፈው ቢሰበሰብ ስንት መጽሐፍ ይወጣዋል? ከዚያ ውስጥ ስለ ሞያሌ፣ ስለ ገበያዋ፣ ስለ ሕዝቦቿ፣ ስለዚህ ማኅበር የሚተርክ ምን ያህል ነው? እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ነገ ስለ አገራቸው ለማወቅ ሲፈልጉ የሚያገኙት እኛ የተውንላቸውን ነው።

ለማኅበራችን ያለኝ ሐሳብ

ንግግር ብቻ እንዳይሆን አራት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በማኅበራችን የስልክ መገናኛ ላይ ስለ ጸጥታና ስለ መንገድ የሚላክ መልእክት ሁሉ ያየው ሰው፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይኑሩበት። የጎደለው ካለ ከማስተላለፋችን በፊት ስፍራው ላይ ላለ ሰው እንደውል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ያሉት ይህንን ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ሲሞት የቅርብ ቤተሰቡ መስማቱን ሽማግሌዎች እስኪያሳውቁ ድረስ ማንም ፎቶግራፍ አያውጣ፣ ማንም «ነፍስ ይማር» ብሎ አይጻፍ። ሩቅ ላለ ልጅ መርዶ የሚያደርስ ሰው ባለበት ከተማ እንፈልግለት፤ በናይሮቢም በሌላም ቦታ ወገን አለን።

ሦስተኛ፣ የክረምት የፊደል ትምህርታችን ስልክ ላይ በፊደል መጻፍን ይጨምር። ልጆቻችን በቤት ቦረንኛ ወይም ቡርጂኛ፣ በትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ይህ ሀብት ነው። ልምምዱ ደግሞ ለአያት የሚጻፍ ደብዳቤ ይሁን። ቀን፣ ቦታ፣ ሰላምታ፣ ጉዳይ፣ ስም ይኑረው። አያትም ይመልሱ።

አራተኛ፣ መሥራቾቻችን በሕይወት ሳሉ ያዩትን ይናገሩ፣ ወጣቶች ይጻፉ፣ የጻፉትን መልሰው ያንብቡላቸው። ከየአሮጌው ፎቶግራፍ ጀርባ የሰዎቹ ስምና ዓመቱ ይስፈር። ይህ መጽሔት የዚያ ሥራ መጀመሪያ ይሁን።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶቻችን። ከጣት የወጣ ደግሞ ከአፋፉም አልፎ ባሕር ይሻገራል። ወሰን ላይ የምንኖር ሰዎች እንደመሆናችን በሁለቱም በኩል የሚሰሙን ጆሮዎች አሉ። ከሞያሌ የመጣ ወሬ ነው ሲባል «እንግዲያው እውነት ነው» የሚባልበት ዘመን እንዲመጣ እመኛለሁ። ያን ስም ለማትረፍ ሌላ ገንዘብና መሣሪያ አያስፈልገንም፤ ከመላካችን በፊት ማን አየ፣ የት፣ መቼ ብለን መጠየቅ ይበቃናል።